አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ፣ ዘጠኝ ገዢ

«ገርጂ አካባቢ የባልትና ሱቅ አለኝ። በርበሬ (ጨው ያለውና የሌለው)፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣና መከለሻ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ሱቁን ከከፈትኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ‹በዚህ ዘመን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያልወጣ ነጋዴ እንደሌለ ይቆጠራል› ብሎ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ከፈተልኝ። ተከታይ ለማስገባት 4,500 ብር፣ በአራት ወር ውስጥ ለቡስት (ፌስቡክ የለጠፍነውን ለብዙ ሰው እንዲያሳይ ለሚከፈለው) 12,000 ብር፣ አንድ ታዋቂ ቲክቶከር ሱቄ ድረስ መጥቶ ቪዲዮ እንዲሠራልኝ ደግሞ 15,000 ብር ከፈልኩ። አሁን በፌስቡክ ብቻ ከ11,000 በላይ ተከታይ አለኝ። በስልክ አይተውኝ የመጡ አዲስ ደንበኞች ግን ብቆጥራቸው ዘጠኝ ናቸው። ከአንድ ኪሎ በርበሬ የሚተርፈኝ 90 ብር ቢሆን ነው። የእህቴ ልጅ ‹50,000 ሲሞላ ገበያው በራሱ ይመጣል፤ ታገሺ› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹የልጆች ጨዋታ ነው፤ ዝጊውና ሥራሽን ሥሪ› ይላል። ማንን ልስማ?»

ባለ ባልትናዋ፣ ከገርጂ

ውድ ባለ ባልትናዋ፣

የገጽዎን አድራሻ አያይዘው ስለላኩልኝ፣ መልስ ከመጻፌ በፊት አንድ ምሽት ሙሉ እዚያው አመሸሁ። ካየሁት ልጀምር።

ከቅርብ ጊዜው ወደ ኋላ እየሄድኩ በገጹ ላይ የወጡ ሠላሳ ነገሮችን ቆጠርኩ። አሥራ አራቱ የበዓል መልካም ምኞት ናቸው፤ አደይ አበባ፣ ችቦ፣ ሻማ፣ ከሥር የስልክ ቁጥር። (በእንቁጣጣሹ ላይ የሌላ ሱቅ ዓርማ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ለልጁ ይንገሩት።) ስድስቱ «ጥራት መለያችን ነው» እና የመሳሰለውን የሚሉ ጽሑፎች ናቸው። አምስቱ ከኢንተርኔት የተወሰዱ ፎቶዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው የእኛ በርበሬ እንኳ አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ የሌላ አገር የቃሪያ ዱቄት ነው። በርበሬ አንድ ቀን በእጇ የነካች ሴት ሁሉ ትለየዋለች፤ ለይታም ምን እንደምታስብ መገመት አያቅትዎትም። የቀሩት አምስቱ የቲክቶከሩ ቪዲዮና ከእሱ ተቆራርጠው የወጡ ቁርጥራጮች ናቸው። የእርስዎን እጅ፣ የእርስዎን ሰፌድ፣ የእርስዎን ድምፅ ግን በሠላሳው ውስጥ ብፈልግ አጣሁ።

ከዚያ ወደ አስተያየቶቹ ወረድኩ። ያ የሌላ አገር ዱቄት ከተለጠፈበት ሥር ሁለት ሰዎች ጽፈዋል። አንዱ «ኪሎው ስንት ነው?» ይላል፤ የተሰጠው መልስ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ነው። ሁለተኛዋ ግን ረዘም አድርጋ ነው የጻፈችው። እንዲህ ትላለች፦ «ሰላም፤ ጨው የሌለው በርበሬ ታዘጋጃላችሁ? እናቴ ደም ግፊት አለባት። ካላችሁ ለበዓሉ ሁለት ኪሎ ሲኤምሲ እናቴ ቤት እንድታደርሱልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፤ ብሩን ዛሬውኑ እልካለሁ።» ይህ ከተጻፈ እኔ ባየሁት ምሽት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ከገጽዎ ያገኘችው ምላሽ አንድ ቀይ ልብ ብቻ ነው። የእህትዎ ልጅ ልቧን ተጭኖላት አልፏል።

እንግዲህ ለባለቤትዎ የምላቸው ይህን ነው፤ ይህች ሴት ጨዋታ ላይ አይደለችም። ብር ይዛ በር ላይ ቆማለች። ለእህትዎ ልጅ የምለው ደግሞ፣ የመጣችውን አንዲት ሴት ያላስተናገደ ሱቅ 50,000 ሰው ቢመጣለት ምን ሊያደርገው ነው?

አሁን ወደ 4,500 ብሩ እንምጣ። በዚህ ልሳቅብዎት አልችልም፤ እኔም ተበልቻለሁ። ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት መጋረጃ እሸጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አንድ ወጣት በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ሺህ ላይክ አስገባልኝና ደስታው አላስተኛኝም፤ ስልኬን እየከፈትኩ ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ አሳየሁ። በሳምንቱ አዲስ የገባ ጨርቅ ፎቶ ለጠፍኩ። ከአምስት ሺሁ መካከል ድምፅ ያሰሙት ሦስት ናቸው፤ ወንድሜ፣ እኔው ራሴ፣ እና እስከ ዛሬ በማላውቀው ፊደል የጻፈ አንድ ሰው። መጋረጃውን አድንቆልኝ ይሁን ሰድቦኝ አላውቅም።

ተከታይ ሻጮች የሚሸጡት ገዢ የሚሆን ሰው አይደለም። አብዛኛው በማሽን የተከፈተ ስም ነው፤ የቀረው ደግሞ ጥቂት ሳንቲም እየተከፈለው ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ገጽ ሲጫን የሚውል፣ በሌላ አገር የሚኖር ሰው ነው። የነገሩን ስፋት ለመገመት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ፌስቡክ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሐሰት መለያዎችን እንዳስወገደ ራሱ አስታውቋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት ተከታይ ይሸጥ የነበረውን ዴቩሚ የተባለ ኩባንያ ከሶ ከዚህ ሥራ እንዲታገድ አድርጓል።

ብሩ መጥፋቱ ብቻ ቢሆን በተማርኩበት ይሁን ይባል ነበር። ጉዳቱ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ፌስቡክ አንድ ነገር ሲለጥፉ ለተከታይ ሁሉ አንድ ላይ አያሳይም፤ ለጥቂቶች ያሳይና ምን እንዳደረጉ ያያል። ቆም ብለው ካነበቡ፣ ከጻፉ፣ ለወዳጅ ከላኩ ለሌሎችም ይዘረጋዋል፤ ዝም ካሉ እዚያው ያስቀረዋል። የገዙት ተከታይ ደግሞ ሥራው ዝም ማለት ነው። ስለዚህ የራስዎ እውነተኛ ደንበኛ፣ ያቺ ሁልጊዜ ቅዳሜ የምትመጣው ጎረቤት እንኳ፣ የለጠፉትን የማየት ዕድሏ ይቀንሳል። 4,500 ብር ከፍለው በሱቅዎ በር ላይ የማይገዛና የማያሳልፍ ሰው አቆሙ ማለት ነው።

በቴሌግራም ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ የቻናል መልእክት ሥር ትንሽ የዓይን ምልክትና ቁጥር አለች፤ ስንት ጊዜ እንደታየ ትነግርዎታለች። የእርስዎ ቻናል 3,200 አባላት አሉት፤ ዓይኗ ግን ከ70 ዘልላ አታውቅም። እነዚያ ሰባው የእርስዎ ሰዎች ናቸው። ሰባ ሰው ለባልትና ሱቅ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት፤ በአንድ ዕድር ስንት ቤተሰብ እንዳለ ያስቡ።

የእህትዎን ልጅ ግን ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም። የሰማው ወሬ አንድ ጊዜ እውነት ነበር። በፊት የንግድ ገጽ የለጠፈው ነገር ብዙ ተከታዮቹ ዘንድ በነፃ ይደርስ ነበርና ተከታይ ማብዛት ትርጉም ነበረው። ይህ በየጊዜው እየጠበበ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ማርክ ዙከርበርግ ከንግድ ገጾች ይልቅ የቤተሰብና የወዳጅ መልእክት እንዲቀድም መወሰናቸውን በይፋ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ለንግድ ገጽ የተከታይ ቁጥር ማለት በግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የምስክር ወረቀት ነው፤ ያምራል፣ ጥሬ ግን አይፈጭም።

ሒሳቡንም አብረን እንሥራ፤ እርስዎ ስለፈሩት ነው እንጂ ከባድ አይደለም። 4,500፣ 12,000 እና 15,000 ሲደመር 31,500 ብር ነው። ለዘጠኝ ደንበኛ ሲካፈል ለአንድ ሰው 3,500 ብር ወጥቷል። ከኪሎ 90 ብር የሚተርፍዎት ከሆነ ያ ደንበኛ ወጪውን የሚመልሰው 39 ኪሎ ያህል ሲገዛ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አሥር ኪሎ ቢወስድ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሽሮውንም ጨምረው ቢገዙ ጊዜው ያጥራል፤ ቢሆንም ውድ ደንበኛ ነው። እዚህ ላይ ግን ደብዳቤዎ ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ፤ ከዘጠኙ ስንቱ ተመልሶ መጣ? ከዘጠኙ ሰባቱ ተመልሰው መጥተው ከሆነ ችግሩ ያለው ከማስታወቂያው እንጂ ከበርበሬው አይደለም። ይህን ሳያውቁ መዝጋትም መቀጠልም ጨለማ ውስጥ መሄድ ነው።

ስለ ቡስቱ ደግሞ ልጁን ይህን ይጠይቁልኝ፤ «ለማን ነበር ያሳየኸው?» ከላኩልኝ የስልክ ምስል እንደማየው፣ 12,000 ብሩ የወጣው «ኢትዮጵያ፣ ዕድሜ ከ18 እስከ 24» ለሚል ምርጫ ነው። ጅግጅጋ ያለ የሃያ ዓመት ተማሪ የእርስዎን ማስታወቂያ አይቶ ላይክ አድርጎ አለፈ። ምን ያድርግ? በርበሬ የምትገዛለት እናቱ ናት። ፌስቡክ በካርታ ላይ ሱቅዎ ያለበትን ቦታ ነክተው ዙሪያውን በኪሎ ሜትር እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ዕድሜውንም ወደ 30ዎቹና ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የማስታወቂያው ግብም ላይክ ከሚሆን ይልቅ መልእክት እንዲልኩልዎት ማድረግ ይቻላል፤ ማስታወቂያው ያኔ ሊጽፉ ይችላሉ ለተባሉ ሰዎች ይቀርባል። ልዩነቱ የአንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ክፍያው በዶላር ስለሆነና አብዛኛው ነጋዴ የሚከፍለው በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ባለው መካከለኛ ሰው በኩል በመሆኑ፣ ከከፈሉት ብር ስንቱ በእርግጥ ለማስታወቂያ እንደዋለ ከማስታወቂያ መቆጣጠሪያው ገጽ ላይ እንዲያሳይዎት ልጁን ይጠይቁት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ያው ዶላር ብዙ ብር ይወስዳል፤ የሚባክነውም በዚያው ልክ ነው።

ቲክቶከሩን በአጭሩ ልለፈው። ቪዲዮው ስልሳ ሴኮንድ ነው፤ ቲክቶከሩ ሚጥሚጣ ቀምሶ ሲጮህ፣ ሲንከባለልና ውኃ ሲለምን ሃምሳ ሴኮንድ አለፈ። እኔም ሥቄአለሁ። ሱቁ የት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሰው ሊቀጥሩ ቢያስቡ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ተመልካቾችህ በየትኛው ከተማ ይኖራሉ? ይህ በራሱ ስልክ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ላሳይ ካላለ ይተውት።

«አምስቱም ጋ መኖር አለብሽ» የሚለውንም አልቀበለውም። አምስት በር ከፍቶ አንዱንም የማይጠብቅ ቤት ሌባ ይገባዋል እንጂ እንግዳ አይገባውም። ዩቲዩቡና ኢንስታግራሙ ይተኙ። አይሰርዟቸው፤ ስምዎን ሌላ እንዳይወስደው የስልክ ቁጥርዎንና የቴሌግራም አድራሻዎን ብቻ ጽፈው ይተዋቸው። ፌስቡክ ይቆይ፤ ውጭ አገር ያሉ የእርስዎ ዕድሜ ሰዎች እዚያ አሉ። ቴሌግራም ደግሞ ለነባር ደንበኞችዎ ይሁን፤ የሚልኩት መልእክት እንደ ፌስቡክ በማሽን ሳይመረጥ በተራው ለተመዘገበ ሁሉ ይደርሳል። ቲክቶኩን ልጁ ይወደዋል መሰለኝ፤ ካርድ የሚሞላው እሱ ከሆነ ይጫወትበት።

ብዙ ነጋዴ የሚስተው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምናደድበት፣ ይህ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ነገር ነው። ተፎካካሪ እንዳያይብኝ ነው ይላሉ። ተፎካካሪዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ የጎረቤት ልጅ ልኮ ግማሽ ኪሎ ያስገዛል፤ የሚቸገረው ገዢው ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሲጠየቅ «ወደ ጓዳ ግቡና በጆሮዎ ልንገርዎ» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥምዎት ምን ይሉታል? ዕቃው የተሰረቀ ነው ይላሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ቢሆን ነጋዴ በሱቁ ዋጋውን ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ በስልክ ላይ ማሳየቱ ደግሞ ለራስዎ ይጠቅማል። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል ካሉኝ መልሱ ቀላል ነው፤ «የዚህ ሳምንት ዋጋ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት።

ከስድስቱ የጥራት ጽሑፎች አንዱን ግን ዛሬውኑ ያንሱት። ሚጥሚጣ «ለጨጓራ ፍቱን ነው» ይላል። ጨጓራ ያለበት አንባቢ ሁሉ ይስቅብዎታል፤ ከመሳቅም አልፎ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ልጁ ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው አውቃለሁ፤ ከሌላ ገጽ ገልብጦት ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። የባልትና ገዢ ምን ትፈራለች? ዋጋ አይደለም የምትፈራው። ባዕድ ነገር ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር ተገኘ የሚለው ወሬ የማይሰማበት ዓመት የለም። ስለዚህ ሱቅዎ ስትመጣ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ ትበትናለች፣ ታሸታለች፣ በምላሷ ጫፍ ትነካለች፣ ከዚያ የእርስዎን ፊት ታያለች። ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ በዚህ ከተማ በርበሬ ገዢ ሆናለች፤ እውነትም አላት። በስልክ የምታይዎት ሴት ግን መዳፏም፣ አፍንጫዋም፣ ምላሷም የሉም። የቀራት ዓይኗ ብቻ ነው። ለዚህ ዓይን «ጥራት መለያችን ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይነግረዋል? እንዲህ የማይል ማን አለ?

እርስዎ ግን የሚታይ ነገር አለዎት። የማረቆው ዛላ በጆንያ ሲመጣ ጆንያው ሲፈታ። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሲቀነጥሱ፣ የሻገተው ተለይቶ ወደ ጎን ሲጣል (የተጣለውን ክምር ያሳዩ፤ ከመቶ ቃል ይበልጣል)። ሲታጠብ ውኃው ሲደፈርስ። ሸራ ላይ ሲሰጣ። ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ሲደለህ፣ ድልሁ እንደገና ፀሐይ ሲያይ። ኮረሪማው ሲፈለፈል። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ሲነፋ፣ በወንፊቱ ላይ የቀረው ሲታይ። ይህንን ለእርስዎ የዘወትር ሥራ ስለሆነ ማንም አይቶ የሚደነቅበት አይመስልዎትም። ከሃያ ዓመት በፊት እናቷ ግቢ ውስጥ ሲደለህ ያየች፣ ዛሬ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ግን ስልኳን ይዛ እስከ መጨረሻው ታየዋለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ይህንን ያድርጉ። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይቅዱና ከበርበሬዎ አንድ ማንኪያ ቀስ ብለው ላዩ ላይ ይነስንሱ። የሸክላ ዱቄት ወይም አሸዋ ያለበት ከሆነ ቶሎ ዘቅጦ ከሥር ይነጠፋል፤ ጤነኛው ብዙው ላዩ ላይ ይቆያል። ይህንን ብዙ እናቶች ያውቁታል። ሙዚቃ አይጨምሩበት፤ ስለ ሌላ ነጋዴም አንድ ቃል አይናገሩ። ብርጭቆው ይናገር።

ጊዜውን ያስቡበት። ዛላ የሚሰጣው በበጋ ነው፤ ክረምት ላይ ቪዲዮ ልቅረጽ ቢሉ የሚቀርጹት ጆንያ ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እየቀረጹ ያከማቹና ዓመቱን ሙሉ እየቆነጠሩ ያውጡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሽሮ የሚያልቅበት ወር ነው። የሽሮው መልእክት በቴሌግራም መሄድ ያለበት ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ሰው የጾም አስቤዛውን ሲያስብ ነው። በገጽዎ ላይ ያለው የሽሮ ማስታወቂያ የወጣው በፋሲካ ማግስት ነው፤ አገሩ ሁሉ ዶሮ በልቶ ሲተኛ።

ለደንበኛ መልስ ማን ይጻፍ ቢሉኝ፣ እርስዎ። «ስልክ የወጣት ነገር ነው» የሚለው አባባል ሱቅዎን ከሁሉ በላይ ጎድቶታል። ልጁ ይቅረጽ፣ ይቁረጥ፣ ይለጥፍ፤ እጁ የሰላ ነው። ጨው የሌለው በርበሬ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን እሱ ምን ያውቃል? ልብ ተጭኖ አለፈ፤ የማያውቀውን ስለጠየቁት ነው። መጻፍ ቢያታክትዎት ቴሌግራም ላይ በድምፅ ይመልሱ። ጠዋት ሱቅ ሳይከፍቱ አንድ ጊዜ፣ ማታ ከዘጉ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አርባ ደቂቃ ቢወስድብዎት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ነፃ ነው ይባላል፤ ዋጋው ይህ አርባ ደቂቃ ነው፣ በየቀኑ የሚከፈል። ይህን መክፈል የማይችሉ ከሆነ የባለቤትዎ ምክር ትክክል ነው፤ ይዝጉት።

ልጁ ባለፈው ግንቦት አንዲት ሴት «ሽሮው ውስጥ አሸዋ አገኘሁ» ብላ የጻፈችውን እንደሰረዘውም ነግረውኛል። የሱቁ ስም እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ሴትዮዋ ግን የሰረዛችሁባትን በሦስት የሠፈር ቡድን ውስጥ ጽፋው ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ደግሞ መልስ የሚሰጥላችሁ የለም። ሱቅ መጥታ ብትነግርዎት ከበር ይገፏት ነበር? «አምጪው፤ እለውጥልሻለሁ፤ ወፍጮውንም እጠይቃለሁ» ይሏት ነበር። ያንኑ በሰው ፊት ይጻፉት።

ውጭ አገር ያሉትን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ወደ አሜሪካ ላኪልን የሚሉ ሦስት መልእክቶች አይቻለሁ። ለሽያጭ የሚሆን ምግብ ወደዚያ መላክ የአምራች ምዝገባና ከዕቃው በፊት የሚደርስ ማሳወቂያ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው፤ አሁን አይግቡበት። የእርስዎ የውጭ ደንበኛ ገንዘቡ ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ያለ፣ አፉ ግን አዲስ አበባ ያለ ነው። ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለታመመ ወንድሙ የሚገዛ። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ የሚፈልገው ዕቃው መድረሱን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ነው። እናትየው በር ላይ ፌስታሉን ይዘው። ፎቶው ለላኪው ብቻ ይሂድ፤ ገጽ ላይ የሚወጣው እናትየው ፈቃደኛ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ያስቀምጡ። አዲስ ሰው ሲመጣ ወይም ሲደውል «ከየት ሰሙን?» ይበሉና በአንድ ቃል ይጻፉት፤ ጎረቤት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ሲያልፍ አይቶ። ከጎኑ የገዛውን፣ ተመልሶ ሲመጣም አንድ ጭረት። ለሁለት ወር ምንም ቡስት አይክፈሉ፤ ማንንም አይቅጠሩ። ደብተሩ ሲሞላ ይላኩልኝ፤ ያኔ ስለ ገንዘብ እናወራለን።

ለዛሬ ማታ ግን ሥራ አለዎት። ዱባይ ላለችው ልጅ ይጻፉላት። ቃሉን እንደፈለጉ ይለውጡት፤ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«እንደምን ሰነበትሽ እህቴ። መልሱ ስለዘገየብሽ ይቅርታ፤ አሁን የምጽፍልሽ ባለሱቋ እኔው ራሴ ነኝ። ጨው የሌለው በርበሬ አለን። የኪሎውን ዋጋና ሲኤምሲ ድረስ የማድረሻውን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ። በዓሉ ቢያልፍም እናትሽ አሁንም ከፈለጉ ስልካቸውን ላኪልኝና ደውዬ የሚመቻቸውን ሰዓት እጠይቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ይቅመሱት። ብሩን ከዚያ በኋላ ትልኪያለሽ።»